ከስብራቱ በኋላ፦ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትና የሚሴሎች ንባብ

ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት የተባለውን ሰርፋክታንት በተጣራ ውሃ ላይ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ የሙሙቱን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት የሚለካ ተማሪ ደስ የሚል ግራፍ ያገኛል። ክምችቱ በጨመረ ቁጥር አስተላላፊነቱ ቀጥ ባለ መስመር ይወጣል፤ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 8 ሚሊሞላር አካባቢ ሲደርስ መስመሩ ይሰበርና በለዘበ ተዳፋት ይቀጥላል። ስብራቱ ሚሴሎች፣ ማለትም የሰርፋክታንቱ አዮኖች ስብስቦች፣ መፈጠር የሚጀምሩበትን ክምችት ያመለክታል። እስከዚህ ድረስ ዘዴው የሚታመን ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ በሚሰጠው ማብራሪያ ላይ ነው፦ ሚሴል ግዙፍ ስለሆነ በዝግታ ይጓዛል፣ ስለዚህ አስተላላፊነቱ ይለዝባል ይባላል። ይህ ስህተት ነው፤ ዘዴው ሊያስተምረን ከሚችለው ዋናውንም ይሸፍንብናል።

60 ያህል አዮኖች ተሰባስበው አንድ ሉል ቢሠሩ የሉሉ ይዘት 60 እጥፍ ያድጋል፤ ሬዲየሱ ግን 4 እጥፍ ያህል ብቻ ነው የሚያድገው። የውሃው ሰበቃ ከሬዲየሱ ጋር ሲጨምር፣ የኤሌክትሪኩ ስበት ከቻርጁ ጋር 60 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ቻርጁን ሁሉ እንደያዘ የሚጓዝ ሚሴል ከነጠላ አዮን 15 እጥፍ ገደማ መፍጠን ነበረበት፤ ከስብራቱ በኋላም ተዳፋቱ ሊጨምር እንጂ ሊለዝብ አይገባም ነበር። ጄምስ ዊልያም ማክቤይን በብሪስቶል የሳሙና ሙሙቶችን ሲመረምር ያስገረመውም ይኸው ጥሩ አስተላላፊነት ነው፤ ኦስሞቲክ ጠባያቸው በውስጣቸው ያሉት ነጻ ቅንጣቶች ጥቂት መሆናቸውን ይናገር ነበርና። በ1913 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የኮሎይድ አዮን ሐሳብ፣ ማለትም አዮኖቹ ተሰባስበው ቻርጅ ያለው ትልቅ ቅንጣት ይሠራሉ የሚለው፣ ሁለቱን ምስክሮች ያስታረቀ ነው።

ታዲያ መስመሩን ያለዘበው ምንድን ነው? በዋናነት ሶዲየሙ ነው። የሚሴሉ ገጽ በአሉታዊ ቻርጅ የተጨናነቀ በመሆኑ አብዛኞቹን ሶዲየም አዮኖች አጠገቡ ያስቀራቸዋል። አጠገቡ የተያዙት ሶዲየም አዮኖች በራሳቸው አቅጣጫ መሄዱን ይተዋሉ፤ የሚሴሉንም ቻርጅ ያቃልላሉ። በዙሪያው ያለው የአዮኖች ደመናም ሚሴሉን ወደኋላ ይጎትተዋል። ስለዚህ ግራፉ ከሚሴሉ መጠን ይልቅ ስለ ተቃራኒ አዮኖቹ ብዙ ይናገራል።

በጽሑፎች ላይ በጣም የተለመደው ስሌት ሁለተኛውን ተዳፋት ለመጀመሪያው አካፍሎ ውጤቱን የሚሴሉ የአዮንነት ደረጃ፣ ማለትም በሶዲየም ያልተቃለለው የቻርጁ ድርሻ፣ ብሎ መጥራት ነው። ለሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት 0.38 ገደማ ይወጣል። ይህ ስሌት በሚሴሉ ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጻ ቻርጅ ልክ እንደ ነጠላ አዮን ይጓዛል የሚል ግምት በዝምታ ይዟል፤ ከላይ እንዳየነው ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም። ኢቫንስ የተባለ ተመራማሪ በ1956 ያወጣው ቀመር የሚሴሉን የራሱን ድርሻ ያስገባል፤ በዚህ ሲሰላ ያው መረጃ ከ0.2 እስከ 0.25 ወዳለው ይወርዳል። የኢቫንስም ቀመር የአዮን ደመናውን ጉተታ ስለሚተው የመጨረሻ ቃል አድርጌ አላቀርበውም። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም፦ የሚሴል አፈጣጠር ነጻ ኃይል ሲሰላ በአንደኛው በሞል ከዜሮ በታች 35 ኪሎጁል፣ በሌላው 39 ገደማ ይሆናል። በንድፈ ሐሳብ ምርጫ ብቻ 4 ኪሎጁል የሚንቀሳቀስን ቁጥር እስከ ሁለት አሥርዮሽ ቤት አትሞ ሰርፋክታንቶችን ማበላለጥ ተገቢ አይመስለኝም።

ቻርጅ ለሌላቸው ሰርፋክታንቶች ዘዴው አይሠራም፤ ጨው በበዛበት ሙሙትም ስብራቱ ይደበዝዛል። ቻርጅ ያላቸው ሰርፋክታንቶች የካርቦን ጅራታቸው አጭር በሆነ ጊዜ ደግሞ ስብራቱ ወደ ረጅም ኩርባ ይለወጣል፤ ያኔ ሁለት ቀጥታ መስመሮችን በዓይን አስምሮ ማገናኘት የአስማሪውን ፍላጎት መለካት ይሆናል። ለዚህ ካርፔናና ባልደረቦቹ በ2002 ያቀረቡት፣ ከአንዱ ተዳፋት ወደ ሌላው ቀስ ብሎ የሚሸጋገር ቀመር ይሻላል። የሙቀት መጠንም ችላ አይባልም፤ አንድ ዲግሪ ብቻ አስተላላፊነቱን 2 በመቶ ገደማ ይለውጣል። ተመራማሪዎች ከተሰላው የአዮንነት ደረጃ ጋር ሁለቱን ተዳፋቶች ከነሙቀት መጠናቸው ቢያትሙ፣ የተሻለ ቀመር ያለው ሌላ ሰው ያንኑ ልኬት እንደገና ማስላት ይችላል።