አንቀጽ 38 እና አንቀጽ 126

ከዓባይ ማዶ ድልድዩን ተሻግሮ ቤተ መጻሕፍት የሚገባ ልጅ ስለ ዜጎች መብት ታሪክ መጽሐፍ ቢጠይቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የማርቲን ሉተር ኪንግን ታሪክ ነው። መልካም፤ ያንብበው። ነሐሴ 22 ቀን 1955 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መሰለፉን ማወቁ አይጎዳውም። ቅር የሚያሰኘው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አያቶቹ አዲስ አበባ ላይ ስላደረጉት ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ አንዲት ገጽ እንኳ ሳያነብ መመለሱ ነው።

ከሕገ መንግሥቱ ይጀምር። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 የዜግነት መብትን በተመለከተ በኢትዮጵያውያን መካከል ልዩነት እንዳይደረግ ይደነግጋል። አንቀጽ 40 የሃይማኖት ሥርዓት መፈጸምን ይፈቅዳል፤ ለፖለቲካ እስካልዋለ ድረስ የሚል ገደብ አለበት። ገጹን እየገለጠ አንቀጽ 126 ሲደርስ ግን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን መሆኗንና በመንግሥት እንደምትደገፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ምንጊዜም የዚያው እምነት ተከታይ እንደሚሆኑ ያነባል። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን ለማንበብ ሕግ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። በአንዱ ገጽ ሁሉም እኩል ነው፤ በሌላው ገጽ አንዱ ባለቤት፣ ሌላው እንግዳ ነው።

ሰልፈኞቹ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባላችን ይቅር፣ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንባል ማለታቸው ከዚህ የመጣ ነው። የቃላት ጉዳይ ነው ብለው የሚያቃልሉት አይጠፉም። በአባቱ ቤት ተከራይ ሲባል የኖረ ሰው ግን አያቃልለውም! ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ወጥተው እንደነበር መዘንጋት አይገባም። በዓላቱን በተመለከተ ደርግ በ1967 ሦስቱን አወቀ፤ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸው በአሁኑ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 የሰፈረው ግን በ1987 ነው።

ስለ እስልምና በኢትዮጵያ ለሚጠይቅ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚጠቆመው የትሪሚንግሃም መጽሐፍ ነው። በእ.ኤ.አ. 1952 የታተመ ስለሆነ ከዚህ ሁሉ አንዱንም ሊይዝ አይችልም፤ ጸሐፊውም የሚሲዮን ሰው ነበሩ። ይነበብ፣ ነገር ግን ብቻውን አይነበብ። የፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ሥራዎች፣ በተለይ በእ.ኤ.አ. 2001 የታተመው የወሎ ጥናታቸው፣ የአገሩን ዑለማ የእጅ ጽሑፍና የቃል ታሪክ እንደ ማስረጃ ይዘው የሚናገሩ በመሆናቸው ከአጠገቡ ሊቀመጡ ይገባል።

የሚያዝያ 1966 አዲስ ዘመንም አለ። የመንግሥት ጋዜጣ መሆኑን ሳይረሳ ልጁ ያንብበው፤ ከዚያ ደብተሩን ይዞ፣ በዚያ ቀን ወጣት ወደነበሩት፣ ዛሬ ሰባ ዓመት ወዳለፋቸው አባቶችና እናቶች ይሂድ፤ ጋዜጣው የተወው የት ላይ እንደሆነ የሚነግሩት እነሱ ናቸው።