ታቦቱ ሥራውን ያውቃል

የንግሥ ዕለት ነው። ታቦቱ ዑደቱን ጨርሶ ወደ መንበሩ ሊገባ ሲል ከወንዶቹ መግቢያ በኩል ሁካታ ተነሣ። «ሌባ! ሌባ!» አሥራ ስድስት ወይም አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከአንዲት ሴት ቦርሳ ሞባይል ሲመነትፍ እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ከዚያማ ምን ይጠየቃል! አሁን እልል ሲል የነበረው፣ እንባ በዓይኑ ሞልቶ ሲያጨበጭብ የነበረው ምእመን ነጠላውን ወገቡ ላይ አሰረና ወረደበት። ጡጫ፣ ካልቾ፣ እንዲያውም አንድ መቋሚያ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ዝቅ ሲል አይቻለሁ።

ሌባ መርካቶም ይመታል፤ አዲስ ነገር አይደለም። የዚያን ቀኑን የተለየ ያደረገው ግን የሚማቱት ሰዎች እየጮኹ ምክንያታቸውን ይናገሩ ስለነበር ነው። «በታቦት ፊት? በታቦት ፊት ትሰርቃለህ?» ሞባይሉ እኮ ተመልሷል። ባለቤቲቱም «ኧረ በቃ ተዉት!» እያለች ነው። የሚሰማት ጠፋ። ለሞባይል ብሎ የሚማታ ሰው ሞባይሉ ሲገኝ ያቆማል። ለታቦት ብሎ የሚማታ ሰውስ የት ላይ ነው የሚያቆመው?

በዚህ መሀል አንዲት ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ እናት በሰው ክንድ ሥር ሾልከው ገብተው ልጁ አጠገብ ቆሙና «በሕግ አምላክ!» አሉ። ድምፃቸው ያን ያህል አልነበረም። ግን የተነሣው እጅ ሁሉ እዚያው እንደተነሣ ቀረ። አንዱ ጎረምሳ ብቻ «እማማ፣ ታቦት እኮ ነው የደፈረው!» አላቸው። «ታቦቱ ሥራውን ያውቃል፤ አንተ እጅህን ሰብስብ» አሉት።

እኔ የት ነበርኩ? በቅርብ ርቀት፣ ሁለት እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ። አልመታሁም። ግን ልጁ ሲያዝ በሆዴ «ይበለው!» ብያለሁ። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

«በሕግ አምላክ» ድንቅ ቃል ነው። በድሮ ጊዜ ሊመታህ የመጣውን ሰው «በምኒልክ አምላክ!» ካልከው ባለበት ይቆም ነበር። ያንን አልፎ ከመታህ በደሉ አንተ ላይ ብቻ ሳይሆን ንጉሡም ላይ፣ ንጉሡን ያነገሠው አምላክም ላይ ሆነ ማለት ነው። ፖሊስ ሳይኖር፣ ጣቢያ ሳይኖር የአንድ ደካማ ሰው ቃል የጉልበተኛን እጅ አየር ላይ ያስቀር ነበር። እንግዲህ ይህም ከሃይማኖት የመጣ ነው። መቋሚያውን ያነሣው ሰውና ያስቆሙት እናት አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሳለሙት።

ይኸው ቃል የአንድ መጽሐፍ ርእስም ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1996 ዓ.ም. «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ብለው ከግዕዝ ወደ አማርኛ የመለሱት ታሪክ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት የሆኑ መነኮሳት ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው አሉ፤ ለንጉሡ አንሰግድም አሉ። ለእመቤታችንና ለመስቀልም አይሰግዱም ተብለው ተከሰሱ። ተገረፉ፣ ተጋዙ፣ ምላስና አፍንጫቸው ተቆረጠ፣ በድንጋይ ተወገሩ። አባ እስጢፋኖስም በእስር እያሉ ዐረፉ።

የንጉሡ ዜና መዋዕል ደግሞ የሚነግረን ነገር አለ። መነኮሳቱ የካቲት 2 ቀን በድንጋይ ተወገሩ። ከ38 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 10፣ በመስቀል በዓል ቀን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ይህን ፈጣሪ ሥራቸውን የወደደበት ምልክት አድርገው ወሰዱት። ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። ዛሬ በአውቶቡስ ስናልፍ ቆሎና ዳቦ የምንገዛባት ያቺ ደብረ ብርሃን ማለት ነው። ብርሃኑ ለማን እንደ ወጣ ግን ብርሃኑ ራሱ አልተናገረም። ተርጓሚው ድንጋዩን ያስወረወረው ወገን ነበር።

ዘርዐ ያዕቆብ ማይምና አረመኔ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለን ነበር። እሳቸው ግን ደራሲ ናቸው፤ «መጽሐፈ ብርሃን» የሳቸው ነው። በሰንበት ጉዳይ ሲናቆር የኖረውን የቤተ ክርስቲያን ወገን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ያስማሙ ሰው ናቸው። የሚጾሙ፣ የሚጸልዩ፣ የሚያነቡ ሰው! አስፈሪው ነገርም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ክፉ ለመሥራት ሃይማኖት አያስፈልገውም። ደግ ሰው እንቅልፉን ሳያጣ ምላስ እንዲያስቆርጥ ግን አንድ ትልቅ ምክንያት ይፈልጋል።

ምክንያቶቹ በየአገሩና በየሃይማኖቱ ይመሳሰላሉ። እስቲ አንድ ሦስቱን እንያቸው።

የመጀመሪያው «ፍርዱ የኔ አይደለም፣ የእግዜር ነው» የሚለው ነው። የአውሮፓ ኢንኩዊዚሽን በዚህ የተካነ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደም አታፈስም። ስለዚህ መናፍቅ የተባለውን ሰው መርምራ፣ ፈርዳ፣ «ለዓለማዊው ሥልጣን» ታስረክበዋለች። ስታስረክብም ደሙን አታፍስሱ ብላ በወረቀት ትማጸናለች። ዓለማዊው ሹም ደግሞ ያቃጥለዋል። ባያቃጥለው እሱ ራሱ ይጠየቃላ! ካህኑ «እኔ አልገደልኩም» ይላል፤ ሹሙ «እኔ አልፈረድኩም» ይላል። ሰውየው ግን ተቃጥሏል። እንዲህ ገዳዩ የማይታወቅበት ግድያ ብዙ ዘመን ቢኖር ምን ይገርማል? የሚያፍርበት ሰው የለማ!

ሁለተኛው «ለነፍሱ ብለን ነው» የሚለው ነው። ሥጋው ቢቃጠል ነፍሱ ትድናለች። ይኼኛው ሩቅ አገር ያለ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ በየፀበሉ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወንድማችን በሰንሰለት ታስሮ ስንት ወር ይቀመጣል? ስንቷስ እህት ፀጉሯን ተይዛ ትመታለች? «ኧረ ተዉአት» ብትሉ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «እሷን እኮ አይደለም፣ ጋኔኑን ነው!» እሺ፣ ጋኔኑ ነው እንበል። ጀርባዋ ላይ የቀረው ሰንበር ግን የማን ነው? ፀበል መጠመቅ ሌላ፣ እምነት ሌላ፣ ዱላ ሌላ። ፀበሉ መራራ ዱላ ካልተጨመረበት አይሠራም ያለው ማን ነው? በየአዳራሹ በማይክሮፎን ጋኔን የሚያስጮኹትም ቢሆኑ ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። የሚደበደብ ሰው ይጮኻል፤ ይህን ለማወቅ መንፈስ ቅዱስ አያስፈልግም።

ሦስተኛውና ለተማረው ሰው የሚጥመው ምክንያት «ዘመኑ ነው» የሚለው ነው። «የዛሬን ሚዛን ይዘህ ወደ ኋላ አትፍረድ» እንባላለን። እስቲ ጄኔቭን እንይ። ሚካኤል ሰርቬተስ የሚባል ስፔናዊ ሐኪም በምሥጢረ ሥላሴ ላይ የተለየ ነገር ጻፈ። መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ ካቶሊኮቹ ያዙት፤ ሲያመልጣቸው በእሱ ፈንታ ምስሉን፣ ከመጻሕፍቱ ጋር አቃጠሉት። ሸሽቶ የካቶሊኮች ጠላት ወደነበረው ወደ ካልቪን ከተማ ገባ። እዚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 1553 ሰውየውን ራሱን አቃጠሉት። በምንም የማይስማሙ ሁለት ወገኖች በአንድ ነገር ተስማሙ፤ በማገዶው።

እ.ኤ.አ. በ1903 የካልቪን የእምነት ልጆች እዚያው ጄኔቭ የንስሐ ሐውልት አቆሙለት። የሚያስመሰግን ነው። ሐውልቱ ላይ ግን ስሕተቱ የዘመኑ ስሕተት እንደነበር ተጽፏል። ነገር ግን ሰባስቲያን ካስቴልዮ የሚባል ሰው፣ ያውም የካልቪን የቀድሞ ባልደረባ፣ ሰርቬተስ በተቃጠለ በዓመቱ ሰውን በእምነቱ መግደል ኃጢአት ነው ብሎ ጽፏል። እሱስ የየትኛው ዘመን ሰው ሊባል ነው? የኛውም ዜና መዋዕል ዘርዐ ያዕቆብ ጣዖት አመለኩ ተብለው የተከሰሱትን የገዛ ልጆቻቸውን እንዴት እንዳስቀጡ ሲተርክ የተሰበሰበው ሕዝብ ቁስላቸውን አይቶ አለቀሰ ይላል። ያለቀሰው የዚያው ዘመን ሕዝብ ነው። ጭካኔ ጭካኔ መሆኑን ለማወቅ እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን መጠበቅ አላስፈለገውም። ያወቀ ሰው ነበረ። የጠፋው «በሕግ አምላክ» የሚል ነው፤ ወይም ያለውን የሚሰማ።

ከሦስቱ ምክንያቶች ጀርባ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንበር አለ። ጎረቤታችን ሱዳን ጥሩ ምስክር ናት። ጃፋር ኒሜሪ በሶሻሊስትነት ጀምሮ ወንበሩ መነቅነቅ ሲጀምር እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 ሸሪዓ ነው ብሎ ሕግ አወጀ። መጠጡ ዓባይ ውስጥ ተደፋ። የሌቦች እጅ ይቆረጥ ጀመር። ማሕሙድ ሙሐመድ ጣሃ የሚባሉ ሰባዎቹን ያጋመሱ ሽማግሌ፣ የሃይማኖት ሊቅ፣ ይህ ሕግ እስልምናንም ሕዝቡንም ያዋርዳል ብለው ወረቀት በተኑ። ሃይማኖት ካዱ ተባሉ። በዚያ ሕግ ውስጥ እንኳ ሃይማኖት መካድ ወንጀል ነው የሚል አንቀጽ በግልጽ አልነበረም፤ የተጻፈው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 18 ቀን 1985 ኮበር እስር ቤት ውስጥ ሰው እያየ ተሰቀሉ። ኒሜሪ ሦስት ወር ሳይሞላ ከወንበሩ ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። የተሻረው ግን ፍርዱ ነው፤ ሞቱማ አይሻርም።

በዚያው በ1991 ሕግ እ.ኤ.አ. በ2014 እናቷ ኢትዮጵያዊት የሆነች ነፍሰ ጡር ሱዳናዊት ካርቱም ላይ ሞት ተፈረደባት። አባቷ ሙስሊም ስለነበሩ እሷም ሙስሊም ነሽ፣ ክርስቲያን ነኝ ማለትሽ ክህደት ነው ተባለች። ትዳሯም እንደ ዝሙት ተቆጥሮ መቶ ጅራፍ ተጨመረላት። እግሯ በሰንሰለት እንደታሰረ ወለደች። ዓለም ጮኸና ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነፃ አወጣት። አንቀጹ ራሱ የተሰረዘው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

«ታዲያ ሃይማኖት ይቅር ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይ፣ ሞክረነዋል። እግዜርን ከቢሮው ያስወጣው ደርግ በቀይ ሽብር ያደረገውን የዚህ አገር እናት ትንገራችሁ። «አብዮት» የሚባል ታቦት ተቀርጾ ነበር፤ በእሱም ፊት የሚሰርቅ፣ የሚጠራጠር፣ የማይሰግድ ተገድሏል። የታቦቱ ስም ቢለወጥም የሚማታው እጅ «እኔ አይደለሁም፣ ትልቁ ነገር ነው» ማለቱን አልተወም።

ደግሞም ከሃይማኖት የወረስነው መቋሚያውን ብቻ አይደለም። ንጉሥ የተቆጣው ሰው ገዳም ገብቶ ደወል ከደወለ ተማጽኗልና አይነካም ነበር። የሟች ወገን ገዳዩን በእጁ ሲያስገባ ካህናት መስቀል ይዘው ደሙን በካሳ ይቀበል ዘንድ እግሩ ላይ ይወድቃሉ። በወሎ አበጋሮች ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አንድ ላይ አስቀምጠው ደም ያደርቃሉ። አባ እስጢፋኖስ መነኩሴ ነበሩ፤ ካስቴልዮ አማኝ ነበር፤ ማሕሙድ ጣሃ ቁርኣናቸውን ይዘው ነው የተከራከሩት። ድንጋዩን የሚወረውረውም፣ ድንጋዩን የሚይዘውም እጅ ያደገው አንድ ቤት ነው። ስለዚህ የእምነት ሰዎች «እነዚያ እውነተኛ አማኞች አይደሉም» ብለው እጃቸውን መታጠባቸው አያዋጣም። ነበሩ። ጾመኛም ነበሩ።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 18 ማንም ሰው ከጭካኔና ክብሩን ከሚያዋርድ ቅጣት የመጠበቅ መብት አለው ይላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀ ነው። ያ ልጅ አስፋልቱ ላይ ሲንከባለል ግን አንቀጽ 18ን ጠቅሶ የተከራከረለት አልነበረም። የደረሱለት ያቺ አንዲት ቃል ናት፤ እሷንም የተናገሩት ማንበብና መጻፍ መቻላቸውን የማላውቅ እናት ናቸው። እኔ የተማርኩት ግን ኪሴ ውስጥ ያሉትን እጆቼን እንኳ አላወጣሁም።

ፖሊስ መጥቶ ልጁን ወሰደው። ሕዝቡ ነጠላውን ከወገቡ ፈትቶ እንደገና አጣፋ። ታቦቱም በእልልታ ገባ። እማማ ከልጁ አፍንጫ የነካቸውን ደም በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከኋላቸው ደርሼ አንድ ነገር ልላቸው አሰብኩና የምለው ጠፋኝ። እንዴት አደሩ ብቻ ብያቸው አለፍኩ።