የጎማ ስንጥቅ አነባበብ

የመኪና ጎማ በሁለት መንገድ ያልቃል፤ አንደኛው ከመንገድ ጋር እየተፋተገ ጥርሱ ሲያልቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ላስቲኩ ራሱ ሲያረጅ ነው። የመጀመሪያውን ማንኛውም ባለመኪና ቆም ብሎ ያየዋል፤ ሁለተኛውን ለይቶ ማወቅ ግን የጎሚስታው፣ ማለትም ጎማ መፍታት፣ መጠገንና መግጠም ሙያው የሆነው ሰው፣ የችሎታው ዋና መፈተኛ ነው። በተለምዶ ደንበኛ ስለ ጥራት ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ የፋብሪካ ስም ነው፤ ሚሽሊን፣ ብሪጅስቶን ወይም ዮኮሃማ ከተባለ ነገሩ ያበቃ ይመስላል። ስም ዋጋ የለውም ባይባልም፣ እርጅናን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም፤ የሚያዘገየውም ጎማው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ በደህና ከተያዘ ነው።

ጎማ የሚሠራው ከዛፍ የሚገኘው የተፈጥሮ ላስቲክና ከነዳጅ ተረፈ ምርት የሚዘጋጀው ሰው ሠራሽ ላስቲክ ተቀይጠው፣ ጥላሸት የመሰለ የካርቦን ዱቄት ተጨምሮባቸው፣ ከድኝ ጋር በሙቀት እንዲበስሉ ተደርጎ ነው። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 የደረሰበት ይህ የማብሰል ዘዴ ረጃጅሞቹን የላስቲክ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ስለሚያስራቸው፣ ላስቲኩ ተለጥጦ ወደ ቅርጹ የሚመለስ ይሆናል። በአየር ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘው ኦዞን፣ ከሦስት የኦክስጅን አቶሞች የተሠራው ጋዝ፣ እነዚህን ሰንሰለቶች ይበጥሳል። ኦዞን የሚያጠቃው የተወጠረ ላስቲክን በመሆኑ ስንጥቁ የውጥረቱን አቅጣጫ አቋርጦ ይሄዳል፤ ቀድሞ የሚታየውም በየዙሩ በሚተጣጠፈው የጎማው ጎን ላይና በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ግርጌ ነው። የኤሌክትሪክ ብየዳ ኦዞን ስለሚያመነጭ፣ አዲስ ጎማን ከብየዳ ቤት አጠገብ የሚያከማች ነጋዴ ሳያውቀው ዕቃውን ያስረጃል።

ፋብሪካዎች ይህን ለመከላከል ሰምና ኦዞንን ቀድሞ የሚያጠምድ ኬሚካል ከላስቲኩ ጋር ይቀላቅላሉ። ሁለቱም ከውስጥ ቀስ እያሉ ወደ ገጹ ይወጣሉ፤ ሰሙን ወደ ላይ የሚያወጣው በተለይ የጎማው መተጣጠፍ ስለሆነ፣ ለወራት የቆመ መኪና ጎማ በየቀኑ ከሚሠራው ቀድሞ ሊሰነጠቅ ይችላል። ኬሚካሉ ከአየር ጋር ሲዋሃድ የጎማው ጎን ቡናማ መልክ ይይዛል። ብዙዎች ይህን እንደ ቆሻሻ ቆጥረው በቤንዚን ወይም በናፍጣ ያጥቡታል፤ ጥቁረቱ ይመለሳል፣ መከላከያው ግን አብሮ ይታጠባል። በፋብሪካዎች መካከል ያለው ልዩነት ከሚጎላባቸው ቦታዎች አንዱም ይኸው ነው፤ የመከላከያው ዓይነት፣ መጠንና አቀያየጥ የየፋብሪካው ምስጢር በመሆኑ ገዥ ሊመዝነው አይችልም፣ ውጤቱም የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። በዚያ ላይ አንድ ስም በልዩ ልዩ አገሮች ባሉ ፋብሪካዎች ስለሚመረት፣ ይህ ስም ይሰነጠቃል ያኛው አይሰነጠቅም የሚለው የገበያ ፍርድ እኩል ዕድሜ ያላቸው፣ እኩል የተጫኑና እኩል ፀሐይ ያገኛቸው ጎማዎች ካልተነጻጸሩ በቀር ብዙ ሊታመን አይገባም።

ከስሙ ይልቅ በመጀመሪያ መነበብ ያለበት ዲ.ኦ.ቲ. (DOT) ከሚሉት ፊደላት ጋር በጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 3517 ማለት የ2017 35ኛ ሳምንት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ደግሞ ነሐሴ 2009 ነው። 17ን በአገሩ አቆጣጠር ያነበበ ገዥ በ2017 ዓ.ም. ሰባት ዓመት ያለፈውን ጎማ እንደ አዲስ ሊወስድ ይችላል፤ ሻጩ ቀለም ቀብቶ አብረቅርቆት ከሆነ ዓይንም አይረዳውም። ሚሽሊን አምስት ዓመት ያገለገለ ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተመረተ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀር እንዲለወጥ ይመክራል።

በገጽ ላይ የሚታየው ስንጥቅ የእርጅናው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ከውስጥ በታመቀው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቡቲል የሚባለውን፣ አየር በቀላሉ የማያሳልፈውን የውስጥ ሽፋን በዝግታ ዘልቆ ከጥርሱ ሥር ባሉት የሽቦ መቀነቶች ጠርዝ ላይ ያለውን ላስቲክ ያደርቃል፤ ሙቀትም ይህን ያፋጥነዋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2000 የጎማ አምራቹ ፋየርስቶን በአሜሪካ 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎችን እንዲመልስ ያደረገው የጥርሱ ንጣፍ ከመቀነቱ እየተላቀቀ ያደረሰው አደጋ በብዛት የታየው እንደ ቴክሳስና አሪዞና ባሉ ሞቃታማ ግዛቶች ነበር። ከአዲስ አበባ ብርድ ተነሥቶ በአዋሽና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ጎማም፣ በተለይ ጭነቱ በዝቶ ንፋሱ ካነሰ፣ ከዚሁ ጠላት፣ ከሙቀት ጋር ይገናኛል።

ስለዚህ ስንጥቅን ማንበብ ማለት ቦታውን፣ አቅጣጫውንና ጥልቀቱን አንድ ላይ ማየት ነው። በጎኑ ላይ የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ ጎማው ክትትል እንዲደረግለት የሚያሳስብ ሲሆን፣ በላስቲኩ ውስጥ ያለውን ክር የሚያሳይ ጥልቅ ስንጥቅ ወይም በቸርኬው አጠገብ ዙሪያውን የተከተለ መስመር ጎማውን ከሥራ ያስወጣዋል። እብጠት ግን የእርጅና ምልክት ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ከጉድጓድ ጋር ሲጋጭ የተበጠሰ ክር ውጤት ነው። በማንኛቸውም ላይ ማስቲሽ መቀባት ሽፋን እንጂ ጥገና አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ስኮርታው፣ ማለትም ተጠባባቂው ጎማ ነው። ጥርሱ ስላልተነካ አዲስ ይመስላል፤ ነገር ግን የታመቀ አየር እንደያዘ፣ ሳይተጣጠፍና ሰሙን ወደ ገጹ ሳያወጣ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ አገልግሎት ላይ ውሎ ከውጭ በመጣ መኪና ላይ ዕድሜው ከመኪናው ዕድሜ ጋር እኩል ሆኖ መገኘቱ አያስገርምም። ስኮርታውን አውርዶ በመጀመሪያ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ በጥርሱ ቦይ ግርጌ ያለውን ላስቲክ በጠንካራ ብርሃን የሚያይ ጎሚስታ፣ ሌሎቹ አራት ጎማዎች የማይነግሩትን የመኪናውን አያያዝ ታሪክ ከዚያ ሊያገኝ ይችላል።