ኤርታሌን ከአቀስታ መንገድ ላይ መስማት

የሮክ ቡድኑን የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» አልበም መጀመሪያ የሰማሁት ከደሴ ወደ አቀስታ በሚወጣ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ በመስኮት ሲገባ፣ ሦስተኛውን ዘፈን ሳልጨርስ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቀልሁት። ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ድምፃውያን ይቀባበላሉ፤ ከሥራቸው ጊታሩ ያጓራል፤ ግጥሙን ልይዝ ስል ድራሙ ይቀድመኛል። ጩኸት ነው ብዬ ተውሁት።

ያ ፍርድ ከአልበሙ ይልቅ ጆሮዬን ያጋለጠ ነበር። የአማርኛ ዘፈን አድማጭ ቀድሞ የሚጠይቀው «ምን አለ?» ነው። ማሲንቆው ለአዝማሪው ቃል መንገድ ይጠርጋል፤ እኛም ሰሙን አልፈን ወርቁን እንፈልጋለን። የዘፈን ሂስ ተብሎ የሚጻፈውም አብዛኛው የግጥም ሂስ ነው (የኔን የቀድሞ ጽሑፎች ጨምሮ)። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ኤርታሌ» ግን ቃሉን ከመሣሪያው እኩል ያሰልፈዋል። ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው፤ በ1983 በኸርቢ ሀንኮክ «ፊውቸር ሾክ» ላይ፣ በ2001 ደግሞ በእጅጋየሁ ሽባባው አልበም ላይ የሠራ ሰው። ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው እንደመሆኑ፣ ሙዚቃን ከታች ወደ ላይ ይገነባል።

በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው መስማት ግጥሙን ትቼ ጊታሩን ብቻ ተከተልሁ። ያን ጊዜ ጩኸት ካልሁት ውስጥ የማውቀው ቅኝት ብቅ አለ። ምክንያቱ በኖታ ሊታይ ይችላል። ስሙን ከወሎ አገር የወሰደው አምባሰል፣ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ሚ የለበትም። በተለመደው የምዕራባውያን ኮርድ ስናጅበው፣ ትልቁም ሆነ ትንሹ ሚ ባዕድ ሆኖ ይገባበታል። የሮክ ጊታር የሚወደው ፓወር ኮርድ ግን ዶና ሶልን ብቻ ይዞ ሚን ይተዋል። በዚህ ረገድ ያ ሁሉ ጉሮሮ የበዛበት ጊታር ከብዙ የፒያኖ አጀብ ይልቅ ለቅኝቱ ጨዋ ነው። አንቺ ሆዬ የተባለው ቅኝት ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ እዚያ ሶል ራሱ ወደ ፍላት ስለሚወርድ ፓወር ኮርዱ መቆሚያ ያጣል። ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ በቅኝቶቻችን አምስት ድምፆችና በምዕራባውያኑ አሥራ ሁለት ድምፆች መካከል ሲፈልገው የኖረው ስምምነት፣ በሮክም ቢሆን በአቋራጭ አይገኝም።

ደግሞ የማዳመጥ ልማድ አለ። በወሎ ሐድራ፣ መንዙማ በሚባልበት ስብስብ ላይ፣ መንዙማው ተሰምቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። መሪው አንድ ስንኝ ይጥላል፣ ተቀባዩ ይመልሳል፣ ድቤው ይደግመዋል፤ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ያው ስንኝ ይዞራል። ቃሉ ከታወቀ ቆይቷል፤ ሰዉ የሚጠብቀው ቃሉ እስኪሞቅ ነው። እኔ ከዚህ አገር ተነስቼ አንድን አልበም በአንድ መስማት መፍረዴ ያሳፍረኛል። የድምፃውያኑ ቅብብል ከሮክ መድረክ ይልቅ ለሐድራ እንደሚቀርብ የገባኝ፣ ያን ትዕግሥት ለጃኖ ካበደርሁ በኋላ ነው።

ይህ ማለት ሁሉም ተዋጠልኝ ማለት አይደለም። የአገራችን ድምፃዊ አንዱን ፊደል ይዞ በጉሮሮው ሲያንቆረቁረው፣ ቅኝቱ ሙሉ የሚሆነው በዚያ ጥቃቅን መዞር ነው። «ኤርታሌ» ላይ ጊታሩና ድራሙ ለዚህ የሚተዉት ክፍተት ጠባብ ነው። ሴቶቹ ድምፃቸውን ማንከባለል ሲጀምሩ የጊታሩና የድራሙ ግንብ መልሶ ይዘጋባቸዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ እስካሁን ድረስ ድምፁን ቀነስ አደርጋለሁ፣ ብቀንሰውም የሚሸፈነው ያው የነሱ ድምፅ ነው።