የኃይሉ መርጊያ ሙዚቃና የድራሙ ነገር

ስለ ኃይሉ መርጊያ የተጻፈው ሁሉ ከኦርጋኑና ከአኮርዲዮኑ ይነሣል። ተገቢ ነው፤ ሆኖም በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው ከኋላው የሚቀመጠውን ድራም ተጫዋች ነው።

ኃይሉ የተወለደው በደብረ ብርሃን በ1946 ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በልጅነቱ አዲስ አበባ ገባ፤ አኮርዲዮንን በ14 ዓመቱ ያለ አስተማሪ ለመደ፤ ጥቂት ጊዜም በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ቆየ። ዋናው ነገር የሚጀምረው ከዋልያስ ባንድ ጋር ነው። ባንዱ በሒልተን ሆቴል ለዓመታት ሲጫወት፣ በሰዓት እላፊው ዘመን የገባ ታዳሚ እስኪነጋ አይወጣም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ለሚያስጨፍር ድራም ተጫዋች ጉልበት ብቻ አይበቃውም፤ ቁጥብነትም ያሻዋል። በ1977 የወጣውን «ቼ በለው» የተሰኘ ሸክላ ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው ይህን ቁጥብነት ከተማረ ሐረጉ እጅ ያገኘዋል። ከጄምስ ብራውን ዘመን አሜሪካ የመጣውን ምት ከእኛው ችክችካ ጋር ሲያዋድድ አንዱን የሌላው ጌጥ አላደረገውም። የመላከ ገብሬ ቤዝ ሲራመድ ይጠብቀዋል፤ ኦርጋኑ ትንፋሽ ሲወስድ ዝም ማለትን ያውቃል።

ዋልያስ በ1981 አሜሪካ ተሻገረ። ከአባላቱ ከፊሉ ተመለሰ፣ ኃይሉ ቀረ። በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ «ሸሞንሟናዬ»ን ሲቀዳ በተማረ ቦታ የተቀመጠው የድራም ማሽን ነበር። ማሽን አይደክምም፣ አይሳሳትም፤ ጓደኛውንም አይሰማም። ለረዥም ጊዜ ይህን ሥራ እንደ ጉድለት ቆጥሬው ነበር። ዛሬ በየሠርጉ አንድ ኪቦርድ ባንዱን ሁሉ ሲያባርር ሳይ ደግሞ ቅሬታዬ ይብሳል። ግን ፍርዴን ማሻሻል ግድ ሆነብኝ፤ ምቱ ንቅንቅ ስለማይል እስክስታው ሁሉ በአኮርዲዮኑ ወናፍ ላይ ወድቋል፣ ወናፉም ችሎታል። በሠርጉ ኪቦርድ ላይ ግን እንዲህ ያለ ሸክም የሚችል ወናፍ የለም።

ከዚያ በኋላ ታክሲ እየነዳ፣ ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ያ ሥራ በ2013 ዳግመኛ ታትሞ ስሙን አነሣው። በ2018 «ላላ በሉ»ን ሲያወጣ ከጎኑ የተቀመጠው «ዘ ኔክስ» በተሰኘው ቡድን የታወቀው አውስትራሊያዊ አንጋፋ ቶኒ በክ ነው። የዚህ ሰው እጅ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ዜማው መቀመጥ በሚሻበት ቦታ አንዳንዴ ሳህኖቹ ይቀድሙታል። ቢሆንም ሰው ነውና ይሰማል፤ ኃይሉ ሲያዘገይ እሱም ያዘገያል። ከ33 ዓመት በፊት ከማሽኑ ጋር ብቻውን የተቀዳው አኮርዲዮን እዚህ መልስ የሚሰጠው አግኝቷል።