«ውስጠኛው ጆሮ ይወጋል» ስለሚለው አተረጓጐም

ለአስተያየት የቀረበልን የትርጉም ረቂቅ፣ የመስማት ኃይሉ በድንገት ለቀነሰበት ሕመምተኛ ከሕክምናው በፊት የሚነበብ የፈቃድ ቅጽ ነው። ዋናው ዐረፍተ ነገር «ውስጠኛው ጆሮዎ በስቴሮይድ ይወጋል» ይላል። ሰዋስዉ እንከን የለበትም፤ ነገሩ ግን ትክክል አይደለም።

መርፌው የጆሮን ታምቡር አልፎ የሚቆመው በመካከለኛው ጆሮ ነው። መጠኑ ከአንድ ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ዴክሳሜታዞን ወይም ሜቲልፕሬድኒሶሎን በዚያ ይጠራቀማል፤ ወደ ውስጠኛው ጆሮ የሚያልፈውም በአመዛኙ ክብ መስኮት የሚባለውን ቀዳዳ በሸፈነው ስስ ገለፈት በኩል ሰርጎ ነው። ሕመምተኛው የታመመውን ጆሮ ወደ ላይ አድርጎ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ያህል እንዲተኛ፣ ምራቁንም እንዳይውጥ የሚነገረው ስለዚህ ነው፤ ሲውጥ ወደ ጉሮሮ የሚወስደው ቱቦ ይከፈትና መድኃኒቱ ይወርዳል። ውስጠኛውን ጆሮ መርፌ አይነካውም።

ስሕተቱ የመነጨው ከ«ወጋ» ጠባይ ይመስለናል። በእንግሊዝኛ የአቻው ግስ ተሳቢ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ነው። በአማርኛ ግን የሚወጋው ሰውዬው ወይም መርፌው ያረፈበት አካሉ ነው፤ «ክንዱን ተወጋ» ስንል መድኃኒቱ የት እንደሚደርስ አልተናገርንም። እንግዲህ «ውስጠኛው ጆሮዎ ይወጋል» የተባለ ሕመምተኛ ቢሸሽ አይፈረድበትም። ነገር ግን ጊዜው አጭር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታደሰው የአሜሪካ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች መመሪያ፣ መስማታቸው በሚገባ ላልተመለሰላቸው ሰዎች ይህ ሕክምና ሕመሙ ከጀመረ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ እንዲቀርብላቸው ይመክራል።

በረቂቁ ኅዳግ «ውስጠ ታምቡር መርፌ» የሚል አማራጭ ተጽፏል። የግእዙ ለዛ ደስ ይላል፤ ሆኖም አያድነንም። «ኢንትራቲምፓኒክ» በሚለው ስም ውስጥ ያለው «ቲምፓነም» ከገለፈቱ በስተ ኋላ ያለውን ክፍተት ጭምር ይጠራል፤ የእኛ «የጆሮ ታምቡር» ግን ገለፈቱ ብቻ ነው። ስለዚህ «ውስጠ ታምቡር» መድኃኒቱ በገለፈቱ ሥጋ ውስጥ የቀረ ያስመስላል። የሕክምናው ሁለተኛ ስም «ትራንስቲምፓኒክ» ለአማርኛ ይቀርባል። እኛም «ድንበር ዘለል» የሚለውን አርአያ ተከትለን «ታምቡር ዘለቅ የስቴሮይድ መርፌ» እንላለን። «ዘለቀ» የመሰንበት ትርጉምም አለው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ከታምቡር ጋር ሲጣመር ግን በስቶ የማለፍ ትርጉሙ ጎልቶ ይሰማል።

«የስቴሮይድ» የሚለው ፈጽሞ አይጣል። በሜኒዬር ሕመም ጄንታማይሲንም በዚሁ መንገድ ይሰጣል፤ የእርሱ ዓላማ የሚዛን ሕዋሱን ማድከም ነው፤ መስማትንም ሊጐዳ ይችላል። ሁለቱን «የጆሮ መርፌ» ብሎ መጠቅለል አደገኛ ነው። (ረቂቁ አንድ ቦታ «የጆሮ ጠብታ» ማለቱን የእጅ ስሕተት ነው ብለን አልፈነዋል።)

ለቅጹ የምናቀርበው ንባብ ይህ ነው፦ «መድኃኒቱ በጆሮዎ ታምቡር በኩል በመርፌ ወደ መካከለኛው ጆሮዎ ይገባል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ሰርጎ ያልፋል።»