ቡስካፔ ያስቀረው ፎቶግራፍ

«የእግዚአብሔር ከተማ» (እ.ኤ.አ. 2002) ብዙ ጊዜ የሚወደሰው በፍጥነቱ ነው። ፈርናንዶ ሜይሬሌስ ከካትያ ሉንድ ጋር የሠራው ይህ የብራዚል ፊልም ከቢላ አምልጣ በምትሮጥ ዶሮ ይጀምራል፤ ካሜራውም አብሯት ይሮጣል። በሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ በዚሁ ስም በሚጠራ የድሆች ሰፈር ስላደጉ ልጆች ይተርካል። መነሻው የሰፈሩ ልጅ ፓውሎ ሊንስ በ1997 ያሳተመው ልቦለድ ነው፤ ከተዋንያኑም ብዙዎቹ ከመሰል ሰፈሮች የተመለመሉ ወጣቶች ናቸው።

ፍጥነቱ የሚገታበት ቦታ አለ። የወንበዴዎቹ አለቃ ዜ ፔኬኖ ሁለት ሕፃናትን ጥግ አስይዞ እግራቸውን በጥይት ይመታል፤ ከዚያም አንድ ታዳጊ ልጅ ከሁለቱ አንዱን መርጦ እንዲገድል ያዘዋል። እዚህ ላይ ጨዋታው ያበቃል፤ ጆሯችን ላይ የሚቀረው የሕፃኑ ልቅሶ ነው።

ትልቁ ጥያቄ ግን የሚመጣው መጨረሻው ላይ ነው። ፎቶ አንሺ መሆን የሚመኘው ተራኪው ቡስካፔ በእጁ ሁለት ምስሎች አሉት፤ አንዱ ፖሊሶች የዜ ፔኬኖን ገንዘብ ሲወስዱ፣ ሌላው የዜ ፔኬኖ ሬሳ። የመጀመሪያው ዝና ያመጣለታል፤ ሕይወቱንም ሊያስከፍለው ይችላል። ስለዚህ ለጋዜጣው ሬሳውን ይሰጣል፤ በዚያም የሥራ በር ይከፈትለታል።

ፊልሙ ድህነትን አስውቦ ሸጧል ብለው የተቹት እዚያው ብራዚል ውስጥ ነበሩ። ክሱ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ሞትን ሲቀርጽ አሳምሮ ነው። ሆኖም ከድሃ ሰፈር ወጥቶ ለገበያ የሚቀርበው ሬሳው መሆኑን፣ የተጠቀመው ሰው ፎቶ ግን እንደሚደበቅ የነገረን ይኸው ፊልም ነው። ቡስካፔ ያስቀረውን ምስል እኛ አይተነዋል። ስለ ፊልሙ ስናወራ ግን አብዛኞቻችን የምናነሳው ተኩሱን ነው።